ድሮሴራ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የኬፕ ድሮሴራ በቤት ውስጥ ለማሳደግ ከሚመቹ ነፍሳት በል ተክሎች አንዱ ነው። በትውልድ ቦታው በደቡብ አፍሪካ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጎደለው እርጥብ አፈር ላይ ስለሚበቅል፣ ከአፈሩ ያጣውን ከሚያጠምዳቸው ትንኞችና ዝንቦች ያሟላል። አብዛኛው ችግሩ የሚመጣው አሳዳጊው ይህን ዘንግቶ እንደ ጽጌረዳ ሲንከባከበው ነው።

ጤዛ መሰሉ ፈሳሽ ከጠፋ

ይህን አጣባቂ ፈሳሽ የሚያመነጩት በቅጠሉ ጸጉሮች ጫፍ ላይ ያሉት ዕጢዎች ናቸው። የተጣበቀችው ትንኝ ስትፍጨረጨር በዙሪያዋ ያሉት ጸጉሮች ወደ እርሷ ይጎነበሳሉ፤ ቀስ በቀስም ቅጠሉ ራሱ ይጠቀለልባትና በኢንዛይም ይፈጫታል። ፈሳሹ ሲደርቅ፣ በተለይ የጸጉሮቹ ቅላት ከደበዘዘ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የብርሃን ማነስ ስለሆነ ተክሉን በቀን ለበርካታ ሰዓታት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ማዛወር ያስፈልጋል። ከላይ የሚርከፈከፍ ውሃም ፈሳሹን ያጥበዋልና ውሃው ከሥር በተቀመጠ ሳህን ይሰጠው። ገና ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል ከሆነ ግን እስኪለምድ መታገሥ ይበቃል።

ቅጠሉ ከጠቆረ

የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች መድረቅ ተፈጥሯዊ ነው። ከመሃል የሚወጡት አዲሶቹ ከጠቆሩ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ በፊት ውሃው ይመርመር፤ በቧንቧና በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን በአፈሩ እየተጠራቀመ ሥሩን ይጎዳል። ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፣ የታሸገ የማዕድን ውሃም እንዲሁ። የሚስማማው የዝናብ ወይም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው። ጉዳቱ ከጀመረ ተክሉን ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የተክል ቅሪት) እና በደንብ የታጠበ የኳርትዝ አሸዋ ወደተቀላቀለበት አዲስ አፈር ማዛወር ይገባል፤ ኮምፖስትም ሆነ ማዳበሪያ አይጨመርበት።

የተሰጠውን ካልያዘ ወይም ቅጠሉ ከሻገተ

የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 እንዳሳተመው፣ የድሮሴራ ጸጉሮች ለዝናብ ጠብታ አይታጠፉም፣ ለሥጋ ቁራጭ ግን ይታጠፋሉ። ጸጉሮቹ ምግብን ከውሃ ይለያሉ ማለት ነው፤ የደረቀ ነፍሳት ግን አይፍጨረጨርም፤ ስለዚህ ሲሰጠው በውሃ ማራስና ጸጉሮቹን በስንጥር ቀስ አድርጎ መነካካት ይረዳል። ሻጋታ የሚመጣው ቅጠሉ ሊፈጨው ከማይችል ትልቅ ነፍሳት ነው፤ ቅጠሉን ቆርጦ መጣል ይበቃል።

አዲሶቹ ቅጠሎች ከተጨማደዱ

ነፍሳት በሉ ተክል ራሱ በነፍሳት ይበላል፤ ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ፈሳሹ ገና ባልወጣበት እምቡጥ ላይ ተሸሽጎ የተክሉን ጭማቂ ይመጠምጣል። ተክሉን እስከነዕቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በዝናብ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ክሽክሹን ያፍነዋል። ቅጠሎቹ ከውሃው ሲወጡ ፈሳሽ ባይኖራቸው አያስደነግጥም፣ ዕጢዎቹ መልሰው ያመነጩታል።