የኮሌጅ ሴቶች ቴኒስ ቡድን የውድድር ዓመቱን ሲጀምር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ አልፎ ተማሪዎች ወደ ግቢ ሲመለሱ፣ የጦሳ ተራራ ራስ ከጉም ሲገለጥና ሜዳው ሲደርቅ፣ የኮሌጅ ሴቶች ሜዳ ቴኒስ ቡድን ልምምዱን እንደገና ይጀምራል። በደሴ እንዲህ ያለ ቡድን ባሠለጠንኩባቸው ዓመታት እንዳስተዋልኩት፣ ጥር ላይ ከምንሸነፍባቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የተበላሹት በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ስህተቶቹም ከችሎታ ማነስ የሚመጡ አይደሉም፤ የምንጫወትበትን ከፍታና የሚጫወቱትን ልጆች ኑሮ በቅጡ ካለማየት የሚመጡ ናቸው።

ኳስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው የማያምነው ስህተት ስለሆነ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚገታው ኃይል ስለሚቀንስ የተመታ ኳስ ፍጥነቱን እንደያዘ ርቆ ይሄዳል፤ በጣሳ ታሽጎ የሚመጣው ኳስ ደግሞ በውስጡ የታመቀ አየር ስላለው የውጭው ግፊት ሲያንስ ይበልጥ ተወጥሮ ከፍ ብሎ ይነጥራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረጉ ጨዋታዎች የተለዩ ኳሶችን በደንቡ ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከመደበኛው ጥቂት ተለቅ ያለ ሲሆን፣ ሌላው በውስጡና በውጭው ያለው ግፊት ተቀራራቢ የሆነ ነው።

እንዲህ ያለውን ኳስ ማግኘት ለማይችል ቡድን ችግሩ የሚከፋው፣ ልምምዱን ሁሉ ጸጉሩ ባለቀና አየሩ በወጣ አሮጌ ኳስ አድርጎ በግጥሚያው ቀን አዲስ ጣሳ ሲከፍት ነው። አንድ ዓመት በመክፈቻው ጨዋታ ላይ ይህ በእኛው ላይ ደርሷል። የቡድናችን አንደኛ ተጫዋች ስድስት ሳምንት ሙሉ በሞተ ኳስ ስትለማመድ ቆይታ፣ ጣሳው ፍስስ ብሎ እንደተከፈተ የመታቻቸው አራት ፎርሃንዶች (በመዳፍ በኩል የሚመቱ ምቶች) ሁሉም ከኋላው መስመር አልፈው ወጡ። በአምስተኛው እጇን ሰበሰበች፤ ከዚያ በኋላ ኳሱን መግፋት እንጂ መምታት አልቻለችም። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ የእኔ የአሠልጣኟ ነበር።

ስለዚህ የሚገዛው ኳስ ጥቂት ከሆነ ግማሹን ከውድድሩ በፊት ላሉት ሁለት ሳምንታት ማስቀረት ይበጃል። ልጆቹ ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ደግሞ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሁለት ምልክት ማድረግ በቂ ነው፤ መካከለኛ ፍጥነት ያለው መደበኛ ኳስ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከ254 ሴንቲሜትር ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሴንቲሜትር ይነጥራል፤ አሮጌው ከታችኛው ምልክት በታች ሲቀር፣ በእኛ ከተማ ከጣሳ የወጣው አዲስ ኳስ ደግሞ የላይኛውን ሊያልፍ ይችላል። ሙከራውን በብርዱ ማለዳም በቀትርም ማድረግ ጥሩ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ኳስ ይደነድናል፣ ንጥረቱም ይቀንሳል። የራኬቱን ክር አንድ ኪሎ ያህል ጠበቅ ማድረግም ኳሱን ለመቆጣጠር ይረዳል። ያ ካልተቻለ ምቱን አሳጥሮ ኳሱን ከታች ወደ ላይ ማሽከርከር ማስተማር ይቻላል፤ ሆኖም በሳሳ አየር ሽክርክሪቱም ራሱ ኳሱን ወደ መሬት የሚመልስበት ኃይል እንደሚቀንስ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የመረቡን ቁመት በግምት ማለፍ

የመረቡ መካከል 91.4 ሴንቲሜትር፣ ምሰሶዎቹ ዘንድ 1.07 ሜትር መሆን አለበት። ሜትር ከሌለ አንድ ራኬት በቁሙ አቁሞ የሌላውን ራኬት ራስ በአግድም ከላዩ ላይ ማድረግ ለመካከሉ ቁመት ይበቃል። ይህን ሳያደርጉ ለሳምንታት የተለማመዱ ልጆች ሰርቪሳቸው (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ሁሉ ለተሳሳተ መረብ የተቃኘ ይሆናል።

ባረፈ ትከሻ ላይ መቶ ሰርቪስ መጫን

ሁለት ወር ራኬት ያልያዘች ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ጓደኞቿን አይታ ባለ በሌለ ኃይሏ ሰርቪስ ስትመታ፣ በሦስተኛው ቀን ትከሻዋን ይዛ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ያህል ሰርቪስ በግማሽ ኃይል በቂ ነው፤ ቁጥሩን በየሳምንቱ ማሳደግ ይቻላል። አዲስ ተማሪዎችን በተመለከተ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከአፋር ቆላ የመጣች ልጅ ደሴ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ሲያጥራት “አቅም የላትም” ብሎ መመደብ ትልቅ በደል ነው፤ ሰውነቷ ከፍታውን እስኪለምድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሊሰጣት ይገባል፤ የቡድኑ ምርጫም ከዚያ በፊት መደረግ የለበትም።

ትጥቁን ልጆቹን ሳይጠይቁ መምረጥ

ይህን ስህተት ስጽፍ አንዲት ግራ እጇን የምትጠቀም ተማሪ ትዝ ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከሁሉም ቀድማ እየመጣች ሜዳውን ትጠርግ ነበር፤ ትጥቅ በታደለ ማግስት ግን ቀረች። ሰንፋለች አልን፤ ሌላዋን በቦታዋ ተካን። በኋላ የዶርም ጓደኛዋ እንደነገረችኝ፣ የታደለው አጭር ቀሚስና እጅጌ የሌለው ካናቴራ ነበር፤ ልጅቷ ሂጃብ ለባሽ ናት፤ ማንም ምን ትለብሺያለሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ እርሷም አፍ አውጥታ መናገር አፈረች።

የቴኒስ ደንብ ሴት ተጫዋች አጭር ቀሚስ እንድትለብስ አያስገድድም። ወሎን በሚያህል ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ በሚኖርበት አገር ይህን አለማወቅ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ረጅም እጅጌ ያለው ቀለል ያለ ካናቴራ፣ ላብ የሚመጥጥ ሱሪ፣ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በራሱ ጭንቅላት ላይ የሚጸና የስፖርት ሂጃብ ከመጀመሪያው በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። መርፌ ቁልፉን ለይቼ ያነሳሁት ተጫዋቿ ሰርቪስ ለመምታት ቀና ስትል ተፈትቶ አንገቷን ሊወጋት ስለሚችል ነው። ያቺ ተማሪ ትጥቋ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሳለች፤ ያጣችው አንድ ወር ግን አልተመለሰላትም።

ለሴቶቹ የተረፈውን ሰዓት መስጠት

በብዙ ግቢ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ለወንዶች ይሰጥና ሴቶቹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ በመሆኑ የሚተርፋቸው የግማሽ ሰዓት ልምምድ ነው፤ ያውም ከመረቡ ማዶ የሚመጣውን ኳስ በደንብ ሳያዩ፣ ሲመሽ ወደ ዶርም ወይም ወደ ቤት እንዴት እንደሚመለሱ እያሰቡ። ቡድኑ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የ10 ሰዓቱ ተራ እንዲደርሰው አሠልጣኙ ከወቅቱ መጀመሪያ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ቃል ብቻ ሲሆን ይረሳል።

ጾምም ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ የቆየች ልጅ 10 ሰዓት ላይ ሩጫ ሲታዘዝባት ያዞራታል፤ በእነዚህ ቀናት የሰርቪስና የአቋቋም ልምምድ ይሻላል፤ በጾሙም የማይከለከለው በሶ በጠርሙስ ተበጥብጦ ቢያዝ ጉልበት ይሰጣል። በረመዳን ደግሞ ከባዱን ሥራ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ መብራት ባለበት ብቻ የሚቻል ስለሆነ፣ ለብዙዎቻችን የሚቀረው ከመግሪብ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ልምምድ ነው።

ጥንድ ጨዋታን ለመጨረሻ ቀን ማቆየት

ነጠላውን ብቻ እየተለማመዱ ለጥንድ ጨዋታ ጓደኛሞችን ማጣመር የተለመደ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የቡድን ግጥሚያ ሦስት ጥንድና ስድስት ነጠላ ጨዋታዎች ሲኖሩ፣ ከጥንዶቹ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ይይዛል፣ ከጠቅላላው ሰባት ነጥብም አራቱን ያገኘ ያሸንፋል፤ ነጠላው ሦስት ለሦስት ሲሆን ውጤቱን የሚወስነው ያ የጥንዶች ነጥብ ነው። የእኛ የውድድር ደንብ ከዚህ ቢለይም ትምህርቱ ይሠራል። ሜዳው ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ሲሰፋ ማን መሐሉን ትይዛለች የሚለው በልምምድ ካልተፈታ በጨዋታው ላይ ሁለቱም ቆመው ኳሱ በመካከላቸው ያልፋል።

በይሉኝታ ነጥብ መስጠት

በኮሌጅ ጨዋታ ለየሜዳው ዳኛ ስለማይገኝ እያንዳንዷ ተጫዋች በራሷ በኩል ያለውን መስመር ራሷ ትዳኛለች። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ኳሱ ከመስመሩ ውጭ ማረፉን በእርግጥ ካየች “አውት” ትላለች፤ ከተጠራጠረች ኳሱ እንደገባ ይቆጠራል። ልጆቻችን ግን በሌላ መንገድ ይሳሳታሉ። በግልጽ የወጣውን ኳስ አይተው “ተጣላች እንዳይሉኝ” ብለው ዝም ይላሉ፤ ወይም በለሆሳስ ከተናገሩ በኋላ ተጋጣሚዋ ፊቷን ስታጠቁር ቃላቸውን ያጥፋሉ። በአንድ “ሴት” (የጨዋታው አንድ ክፍል) ውስጥ ሦስት ነጥብ በዚህ መንገድ ከሄደ ጨዋታው አብሮ ይሄዳል።

ትሕትና ትልቅ ነገር ነው፤ ከትሕትና ጋር እውነቱን ጮክ ብሎ መናገር ግን እንደ ሰርቪስ ሁሉ ልምምድ ይፈልጋል። በእኛ ቡድን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በእያንዳንዱ የልምምድ ጨዋታ ጥሪው በድምፅም በእጅ ምልክትም ወዲያውኑ ይሰጣል፤ ሰርቪስ የምትመታዋም ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ውጤቱን ተጋጣሚዋ እስክትሰማ ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፤ ኅዳር ሲገባ ድምፃቸው እስከ አጥሩ ይሰማል።

ሐረጎን ወርዶ ወዲያው መጫወት

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚገናኙት ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ከፍታቸው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ሠላሳ ደቂቃ ሲቀር ደርሶ ወደ ሜዳ የሚገባ ቡድን፣ በሐረጎ ጥምዝ ሆዷ የታመመችውን ልጅ ሳያሳርፍ፣ ሙቀቱን ሳይለምድ፣ ከሁሉም በላይ ኳሱን ሳያውቀው ይጀምራል። ለደሴ አየር የተቃኘ ምት ኮምቦልቻ ላይ ያጥራል፤ የመጀመሪያዎቹ ኳሶች መረቡ ላይ ይቀራሉ ወይም ሜዳው አጋማሽ ላይ ይወድቃሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚወጣው ቡድን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኳሱ ይበራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እኛ አሁን ሁለት ሰዓት ቀደም ብለን እንደርሳለን፤ ልጆቹ በጥላ ሥር ውሃ ጠጥተው ካረፉ በኋላ እያንዳንዳቸው ከመረቡ አንድ ሜትር ከፍ አድርገው ወደ ማዕዘን ሃያ ኳስ ይመታሉ፤ ከሃያዎቹ የመጨረሻዎቹ አምስት ከኋላው መስመር አጠገብ ማረፍ ሲጀምሩ ነው ለአዘጋጁ ዝግጁ ነን የምንለው።