ከባሕር አጠገብ ያለ ተራራ የምትወጡ፣ በጠዋት ጀምሩ

በበጋ ከባሕር አጠገብ ያለ ተራራ ልትወጡ ካሰባችሁ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ከቀትር በፊት ጫፉን አይታችሁ መውረድ ጀምሩ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ስላለ ብቻ አትዘናጉ። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ከባሕሩ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይነሳል። ተራራው ሲያግደው ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ጉምና ዝናብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

እየሄዳችሁ ደመናውን ተከታተሉት። ተበታትኖ የነበረው ሥሩ እየጠቆረ፣ አናቱ እየተቆለለ ከመጣ ተመለሱ፤ ጫፉ የትም አይሄድም። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። ከገላጣ ቦታና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ። የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞውን አትቀጥሉ።

ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ታች ሳላችሁ ቢያልባችሁም፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ልትንቀጠቀጡ ትችላላችሁ። የረጠበ የጥጥ ልብስ ደግሞ ብርዱን ያብሳል። አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

ዝናቡን ግን አትጥሉት። ከረጅም ድርቀት በኋላ ሲመጣ አቧራው ይታጠባል፣ የሰደድ እሳት ስጋት ይቀላል፣ የአፈሩ ሽታ ራሱ ነፍስ ይዘራል። ብቻ የደረቀ መሬት ውኃ ቶሎ አይመጥም። ጠዋት በቀላሉ የተሻገራችሁት ጅረት ስትመለሱ ሞልቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ውኃው ከደፈረሰ አትግቡበት፤ ከፍ ያለ ቦታ ሆናችሁ እስኪጎድል ጠብቁ።