ለቤት የሚሆን ፑል ስትገዙ

ቤቱ የፑል ጠረጴዛ ማስገባት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ዋጋው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሜትር ያዙና ክፍሉን ለኩ። ጠረጴዛው በበር መግባቱ ብቻ አይበቃም። ዙሪያውን ቆሞ ስቲክ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳሎኑን በትልቅ ጠረጴዛ ሞልቶ፣ ጥግ የቀረችውን ኳስ ለመምታት ስቲኩን እንደ ጦር ሽቅብ የሚያቆም ሰው አይቻለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት ይጫወቱና ጠረጴዛው የልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ጠረጴዛዎቹ በጫማ ነው የሚጠሩት፤ ባለ 7፣ ባለ 8፣ ባለ 9 እየተባለ። ቁጥሩ ግን የመጫወቻው ሜዳ ልክ አይደለም። ኳሷን ከሚመልሰው የጠርዝ ጎማ እስከ ማዶው ጎማ ስትለኩ ባለ 7ቱ ወደ 198 በ99 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 8ቱ 224 በ112፣ ባለ 9ኙ ደግሞ 254 በ127 ነው። ልብ በሉ፣ ሁልጊዜ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። የሚሸጥላችሁ ጠረጴዛ እጥፍ ካልመጣ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ መጫወቻ ብቻ ነውና ለልጆች ካልሆነ እለፉት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው ስቲክ 147 ሴንቲ ገደማ ነው። ከሜዳው ርዝመት ላይ ሁለት ስቲክ፣ ከወርዱም ላይ ሁለት ስቲክ ደምሩ። ለባለ 7 ሲሆን 4.92 በ3.93 ሜትር ይመጣል። ይህ ስቲኩ ግድግዳውን እየነካ ነው፤ ክንዳችሁ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ እንዲኖር በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ባለ 8 በዚሁ ሒሳብ 5.18 በ4.06 ይላል። ባለ 9 ደግሞ 5.48 በ4.21። እዚህ ላይ የምትለኩት ከግድግዳ ሳይሆን ከሶፋው፣ ከቡፌው፣ ወደ ውስጥ ከሚከፈተው በር ጀምራችሁ ነው። ሶፋው ይነሣል ትሉ ይሆናል፤ እንግዳ ሲመጣ የት ልታስቀምጡት ነው?

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ለቤት ጨዋታ፣ ፈታ ለማለት፣ ባለ 7 ይበቃል። ፑል ቤቶችም ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይሄንኑ ነው። አንድ ወገን ብቻ ከጠበባችሁ በዚያ በኩል የሚያገለግል 122 ሴንቲ አጭር ስቲክ ግዙ፤ ሲብስ 91 ሴንቲውም አለ። 4 በ4 የሆነች ክፍል ውስጥ ግን ባለ 7 በመደበኛ ስቲክ አይጫወቱበትም። ሁሉን ነገር በአጭር ስቲክ መምታት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ቦታው ከተገኘ ቀጥሎ ገንዘባችሁ የሚሄደው ጨርቁ ሥር ወዳለው ነገር ነው። እግሩ በአንበሳ ቅርጽ ቢጠረብ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ቢቀባ፣ ኳሷ የምትሄደው በሆዱ ላይ ነው። ደህና ጠረጴዛ ሆዱ ድንጋይ ነው፤ ስሌት የሚባለው፣ ውፍረቱ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ግራጫ ድንጋይ። ስሌት የሚመረጠው ከካባው ሲወጣ በስሱ ስለሚፈለጥ፣ ተስተካክሎ ስለሚላግ፣ አንዴ ከተላገ ደግሞ ስለማይጎብጥ ነው። ርካሾቹ ኤምዲኤፍ ወይም ችፑድ፣ ማለት ከተፈጨ እንጨት የተጣበቀ ሰሌዳ ናቸው። አዲስ ሲሆኑ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ክረምት አልፎ ጥቅምት ሲገባ ግን ይታወቃችኋል።

ይህን የምለው የእኛን አገር አየር ስለማውቅ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ ደጋ ነው። ክረምቱ ጭጋግና ርጥበት፣ ከዚያ በኋላ ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ። ኤምዲኤፍ ርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ሲደርቅ ወደ ነበረበት አይመለስም። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ጣጣው ይብሳል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ያልበውና ጠዋት ሲሞቅ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱና ድርቀቱ እንጨቱን ያኮማትረዋል፣ ብሎኖቹ ይላላሉ። እዚያ ያላችሁ በየጥቂት ወሩ ከሥር ገብታችሁ ብሎኑን ሁሉ በመፍቻ ጠበቅ ጠበቅ አድርጉ።

ድንጋዩ ክብደት አለው። አንድ ወጥ የሆነ የባለ 7 ድንጋይ ብቻውን ከ130 እስከ 170 ኪሎ ይመዝናል፣ ሙሉ ጠረጴዛው ደግሞ 300 ኪሎ አካባቢ ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ ወለሉ ሳንቃ ከሆነ ከማስገባታችሁ በፊት ግንበኛ ወይም አናጢ ከሥር ያለውን ማገር ይይላችሁ። ከአዲስ አበባ የምታመጡት ከሆነ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ድንጋዩ አይሱዙ ላይ በደንብ ታስሮ በጠርዙ ይቁም እንጂ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ጣውላ ተጋድሞ አይጫን። መሐሉ ካልተደገፈ ጉድጓድ ሲመታችሁ ይሰበራል። ጨርቅና ጎማ ይቀየራል፣ የተሰበረ ድንጋይ ግን የጠረጴዛው መጨረሻ ነው።

ብዙ ሰው ያገለገለ ነገር ይንቃል። ፑል ላይ ግን ከፑል ቤት የወጣ ባለ ድንጋይ ጠረጴዛ፣ ጨርቁ የተቀደደ እንኳ ቢሆን፣ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ኤምዲኤፍ ይሻላል። አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፤ ሳትፈትሹ ብር አትክፈሉ። ሻጩ “ምንም አልሆነም” ሲል እሺ በሉና ሥራችሁን ቀጥሉ።

መጀመሪያ ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከጨርቁ በታች ያለው ድንጋይ ኳስ በሚገባባቸው ቀዳዳዎች በኩል ጠርዙ ይታያል፤ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። እንጨት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ ነጯን ኳስ ያዙ። ከጎማው ሁለት ጣት ርቃ፣ ከጎማው ትይዩ፣ ርዝመቱን ሁሉ እንድትሄድ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንከባሏት። በጣም ቀስ፤ ማዶ ደርሳ ለመቆም እስክትቃረብ። ዓይናችሁ የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ላይ ይሁን፣ ኳስ ውሸት መናገር የምታቆመው ፍጥነቷ ሲያልቅ ነው። ከዚያ በሌላኛው ጎን ድገሙት። ከዚያ ሁለቱንም ጎን ከማዶ ወደዚህ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። በአራቱም ሙከራ ኳሷ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ወደ በሩ፣ ካዘነበለች ጠረጴዛው ዘሟል ማለት ነው፤ እግሩ ሲስተካከል ይድናል። ከቀኝም ከግራም ስትለቋት ወደ መሐል የምትመጣ ከሆነ ግን ሆዱ ሰምጧል። የሰመጠ ኤምዲኤፍ መድኃኒት የለውም። ድንጋይ ሆኖ ከሰመጠ ምናልባት ከሥር የሚደግፈው እንጨት ይሆናል፣ ግን ያንን ለማስተካከል ሁሉን መፍታት ነው፤ ዋጋው በጣም ካልወረደላችሁ ተዉት።

ጎማው ላይ ስንመጣ፣ አውራ ጣታችሁን ተጫኑበት። ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዕድሜውን ጨርሷል። ነጯን ከአንድ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱና ቁጠሩ፤ ደህና ጎማ ያለው ጠረጴዛ ላይ ርዝመቱን ከሦስት ጊዜ በላይ ትመላለሳለች። የሆነ ቦታ ላይ ስትመታ ድው የሚል የታፈነ ድምፅ ከሰማችሁ እዚያ ጋ ብሎኑ ላልቷል፤ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ዋጋ ለመቀነስ ይጠቅማችኋል። የጎማው አፍንጫ ከኳሷ ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሜዳው 36 ሚሊ ገደማ ላይ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ ኳሷ ትዘላለች። ጎማ ሲቀየር “ከመኪና ጎማ ቆርጬ እሠራላችኋለሁ” የሚል ካጋጠማችሁ እንዳትስማሙ፣ ኳስ አይመልስም።

ጠረጴዛው ቤት ከደረሰ በኋላ ጊዜ የሚፈልገው ውሃ ልክ ማስያዝ ነው። የእኛ ቤት ሊሾ ሲታጠብ ውኃው ወደ በር እንዲወርድ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ አልቆመም። ግንበኛው የሚይዘው ረጅም ውሃ ልክ ይበቃል። ጨርቅ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ባዶ ሳለ አስቀምጡት፤ በርዝመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ፣ ከዚያ በአራቱም ጥግ። እግሩ የሚሽከረከር ማስተካከያ ካለው በእሱ፣ ከሌለው ከእግሩ ሥር ቁራጭ ላሜራ እየገባ ይስተካከል። ካርቶን አታድርጉ፣ በሳምንት ተጨፍልቆ ያልቃል። ወለሉ የአፈር ከሆነ ከየእግሩ ሥር ሰፋ ያለ ንጣፍ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ መጣል ግድ ነው።

ድንጋዩ ባለ ሦስት ቁራጭ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ስንጥቅ ይኖራል። የሚሞላው በሰም ነው። አዎ፣ በንብ ሰም፣ እዚሁ ገበያ ላይ ለጧፍ በሚሸጠው። ንጹሑን ሰም አቅልጣችሁ ስንጥቁ ውስጥ አፍስሱ፣ ትንሽ ትርፍ ይሁን። ሲረጋ፣ ገና ለብ ሳለ፣ ሹል ባልሆነ ሰፊ ቢላ ወይም በቀለም ቀቢ መፋቂያ ትርፉን ላጡት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳሱት፤ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ካላወቃችሁ ጨርቁን ማልበስ ይቻላል።

ጨርቁ ሱፉ የበዛ፣ ትንሽ ናይለን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ተወጥሮ ነው የሚለብሰው፤ በእጃችሁ ቆንጥጣችሁ ብታነሡት ከፍ የሚል ከሆነ ላልቷል። በብርድና በርጥበት ወቅት ኳሱ ቀርፈፍ ካለባችሁ ጨርቁ ርጥበት ይዞ ነው፣ አትደነቁ። ሲያድር በአቡጀዲ ሸፍኑት። ላስቲክ ርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ለእኛ ደጋ አይሆንም።

ስለ ቤተ ሰብም አስቡ። ማኅበር ወይም ዝክር ሲወጣ፣ ሐዘን ሲመጣ፣ 300 ኪሎ አንሥቶ ጓዳ የሚያስገባው የለም። ከጠረጴዛው ስፋት ጋር የሚገጥም ኮምፔርሳቶ አናጢ ቤት አስቆርጣችሁ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ ብትከድኑት እንጀራውም ወጡም የሚቀርብበት ሰፊ ገበታ ይሆናል። ለቤቱ እመቤት ይህን ቀድማችሁ ብትነግሯት ፈቃድ ማግኘቱም ይቀላል። የሜዳው ከፍታ ከ74 እስከ 79 ሴንቲ ስለሆነ ወንበርም ይገጥመዋል።

ኳስ ስትገዙ ወደ ሱቅ ሚዛን ውሰዷቸው። የአንዱ ኳስ ስፋት 57 ሚሊ ገደማ፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ 16ቱ አንድ ላይ ከ2.5 እስከ 2.7 ኪሎ መሆን አለባቸው። በጣም ከቀለሉ ተራ ፕላስቲክ ናቸው፣ ይቧጨራሉ፣ ይላጣሉ። የቤልጅየሙ አራሚት የታወቀ ነው፣ ግን ስሙ የታተመበት ሁሉ እውነተኛ አይደለምና እሱንም መዝኑት። ከፑል ቤት የመጣ ስብስብ ከሆነ ነጯ ከሌሎቹ አለመተለቋን ወይም አለማነሷን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

መብራቱ መሐል ላይ ከሆነ አንድ አምፖል ጥላ ያበዛል። ሁለት ወይም ሦስት የኤልኢዲ አምፖል በርዝመቱ ደርድሩ፣ ከሜዳው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ረጅሙን ሰው ግንባሩን እንዳይመታው።

ስቲክ ደግሞ ሜዳው ላይ አንከባሉት። ጫፉ እየተነሣ ከወረደ ጎብጧል። ጫፉ 12 ወይም 13 ሚሊ የሆነ፣ ቆዳው ያልተላጠ ሁለት ስቲክ ለቤት ይበቃል። ግድግዳ አስደግፋችሁ አትተዉት፤ እዚያው ይጎብጣል። አናጢው ኮምፔርሳቶውን ሲቆርጥላችሁ ከተረፈው ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማንጠልጠያ ያውጣላችሁ።