የልጃችሁን የልደት ዓመት ወሬና ወግ ስትመዘግቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ የተወለደበትን ዓመት ዜና፣ ዘፈን፣ ዋጋና ጨዋታ ሰብስቦ በአንድ ደብተርና በአንድ ካርቶን ማስቀመጥ ትልቅ ስጦታ ነው። ልጁ አድጎ «እኔ ስወለድ አገሩ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ወላጅ በደስታ ይጀምረዋል፤ ግን ሥራውን የሚያበላሹ፣ በቀላሉ ሊቀሩ የሚችሉ ስህተቶች አሉ። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከ2016 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ አልቋል፤ ትዝታው ግን ገና ትኩስ ነው።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ማደበላለቅ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የእኛ 2016 መስከረም 1 ሲጀምር በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ሴፕቴምበር 10፣ 2024 ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው ግን «ልጄ የተወለደችው በ2024 ነው» ይልና ኢንተርኔት ላይ የ2024ን ዜና ይፈልጋል። እንዲህ ሲያደርግ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ድረስ ያለውን ሙሉ በሙሉ ይጥላል። በምትኩ የ2017ን የመጀመሪያ ወራት ያስገባል።

ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ እዩት። መስከረም 13፣ 2016 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ጥቅምት 3፣ 2017 ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ገብታ አሻሻለችው። «2024» ተብሎ በተዘጋጀ ደብተር ውስጥ የምታገኙት የሩትን ብቻ ነው። እኛ 2016 ብለን በኖርነው ዓመት ግን ከበርሊኑ ሩጫ አንስቶ እስከ ጳጉሜን ድረስ ክብረ ወሰኑ የትዕግስት ነበር። ልጅቷ የተወለደችው በዚያ ዓመት ነው፤ ያን ደስታ ደብተሯ ውስጥ ማጣት የለባትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ነገር በሁለቱም ቀን ጻፉት። በእኛ ዓመተ ምሕረት ላይ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7 ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ቀኑንም አትገምቱ፣ አስሉት። ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ቀጣዩ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። 2016 በሴፕቴምበር 12 የጀመረውም 2015 ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ነው። ልጁ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የሚያድግ ከሆነማ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ግዴታ ነው። አለበለዚያ አያቱ የሚነግሩትንና ደብተሩ የሚለውን ማገናኘት ያቅተዋል።

ሁሉን ለጳጉሜን ማቆየት

«ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ» የሚል ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ብቻ ይጽፋል። 2016ን አስቡት። ጳጉሜን ላይ የተቀመጠ ሰው አእምሮው ውስጥ ያለው ዶላርና ፓሪስ ነው። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ የፓሪስ ኦሎምፒክ ነበር። ሁለቱም ትልቅ ወሬ ናቸው።

መስከረም ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባታቸውን ግን በጳጉሜን ማን ያስታውሳል? ኅዳር ላይ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ መመዝገቡንስ? ታኅሣሥ 22 ኢትዮጵያ ብሪክስ የተባለው የአገሮች ስብስብ አባል መሆኗንስ? እነዚህም የዚያው ዓመት ናቸው።

በወር አንድ ገጽ ይበቃል። ወሩ ባለቀ ቀን፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲያወራው የነበረውን ሦስት አራት ነገር ጻፉ። አንዱን ወር ብትዘሉ ወደኋላ ተመልሳችሁ አትጨነቁ፤ ባላችሁበት ቀጥሉ።

ትልቁን ዜና ብቻ መሰብሰብ

ትልቁን ዜና ሌላም ሰው ያስቀምጥላችኋል። ጋዜጦች ያስቀምጡታል፤ ቤተ መዛግብት አለ። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ እንጀራ በስንት ይሸጥ እንደነበር ግን ከእናንተ በቀር ማንም አይጽፍላችሁም። የታክሲ ታሪፍ፣ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ፣ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የተገዛበት ዋጋ፣ ልጆች በር ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ወጣቱ አፍ ላይ የገባ አዲስ የአራዳ ቃል፣ ሁሉም ሰው በቃሉ የያዘው የቲቪ ማስታወቂያ፣ መብራት ስንት ቀን ጠፋ፣ ውሃ በየስንት ቀኑ መጣ። እኔ ብጠየቅ ከደብተሩ ግማሹን ለዚህ እሰጣለሁ።

ዋጋ ስትጽፉ ግን በትክክል ጻፉት። «ሽንኩርት ተወዶ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ምንም አይናገርም። ሽንኩርት መቼ ያልተወደደበት ጊዜ አለ? ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ቀን እንደተገዛ ጻፉ። አንዱን ዕቃ መርጣችሁ መስከረም ላይ፣ ለፋሲካ ሰሞንና ነሐሴ ላይ ብትመዘግቡት ደግሞ የዓመቱ ኑሮ በሦስት ቁጥር ይታያል። በ2016 ይህን ያደረገ ሰው የሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ ጓዳው ድረስ መቼ እንደገባ በገዛ ደብተሩ ያየዋል።

የመንገዱንም መልክ አትርሱ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በ2016 ፒያሳ ውስጥ ስንት የቆዩ ቤቶች ለኮሪደር ልማት እንደፈረሱ አይቷል። ልጃችሁን ይዛችሁ የምታልፉበትን መንገድ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ በየጊዜው ፎቶ አንሱት።

ርዕሱን ይዞ ታሪኩን መተው

«ታምራት ቶላ በፓሪስ ወርቅ አገኘ» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። ነሐሴ 4፣ 2016 የሆነው ከዚህ ይበልጣል። ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ በእሱ ቦታ ገባ፤ ገብቶም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በወንዶች ማራቶን ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈበት ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ኦሎምፒክ ሌላ ወርቅ አላገኘንም፤ የቀሩት ሦስት ብር ነበሩ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ልጅ ሰዉ ለምን እንዲያ እንደጮኸ አይገባውም።

ከሥሩ ደግሞ የቤታችሁን ጨምሩ። ውድድሩ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር የጀመረው። ማን ቤት አያችሁት? ቴሌቪዥኑ ፊት ማን ተነሥቶ ዘለለ? ልጁ ተኝቶ ነበር ወይስ በጩኸቱ ነቃ?

በሊንክና በስክሪን ሹት መተማመን

የቲክቶክ ቪዲዮ ይጠፋል፤ የቴሌግራም ቻናል ይዘጋል፤ የዩቲዩብ ሊንክም አንድ ቀን አይከፈትም። ሊንክ ብቻ የያዘ ሰው ምንም አልያዘም። ቪዲዮው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማን እንደለጠፈውና ሰው ለምን እንደሳቀበት በሁለት መስመር በእጃችሁ ጻፉ። ስክሪን ሹት ካነሣችሁ ቀኑን ጨምሩበት። ፋይሎቹን በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አትተዉ፤ ቢያንስ ሌላ ቦታ ኮፒ ይኑራቸው፤ በየዓመቱም ከፍታችሁ እዩዋቸው። ቁልፍ የሆኑትን ፎቶዎች ደግሞ አሳትሟቸው። ከጀርባ በእርሳስ ስም፣ ቦታና ቀን ይጻፍ።

ለወረቀቱ አለመጠንቀቅ

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት ነው፤ ቀለም የለውም። ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጡትም ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ያኑ ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ጋዜጣም በተፈጥሮው ቢጫ ይሆናል፤ ብርሃን ሲያገኘው ይፈጥናል። ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ከፎቶ ጋርም አታነካኩት። ስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ገብቶ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። ላሚኔት ማድረግም አይመከርም፤ አንዴ ከተሸፈነ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም።

የራስን ምርጫ የአገር ምርጫ ማድረግ

«የዓመቱ ዘፈን» ብላችሁ የምትወዱትን ብቻ አትጻፉ። የታክሲ ረዳቱን፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷን ጎረቤት፣ አያትን ጠይቁ። አንዷ የቲክቶክ ዳንስ ትነግራችኋለች፤ ሌላው ሠርግ ላይ የሰለቸውን ዘፈን፤ አያት ምናልባት መዝሙር ወይም መንዙማ። ሁሉንም አስገቡ፤ ማን እንደተናገረውም ጻፉ። የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር ከጻፋችሁ የየትኛው ቀን ቁጥር እንደሆነ ይታወቅ፤ ቁጥሩ በየቀኑ ይለወጣልና። የምትኖሩት ውጭ አገር ከሆነ እዚያ በሐበሻ ድግስ ላይ የተዘፈነውንና አዲስ አበባ የተዘፈነውን ለያይታችሁ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ሐዘኑን መዝለል

የልጅ መታሰቢያ ስለሆነ ደስ ደስ የሚለው ብቻ ይግባ የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። ሐምሌ 15፣ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ጎረቤቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ይህን የዘለለ የ2016 ደብተር ስለዚያ ክረምት እውነቱን አይናገርም። የአስከሬን ፎቶ አያስፈልግም። የሆነውንና ሰዎቹ ያደረጉትን በአጭሩ፣ በክብር መጻፍ ይበቃል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ወሬም ይበዛል። ሰው ምን ይል እንደነበር መመዝገቡ ጠቃሚ ነው፤ ግን «እየተባለ ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉት። ቆይቶ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አትፍቁ። ከሥሩ ቀን አስገብታችሁ ማረሚያውን ጨምሩ፤ ለዚህ እንዲሆን በየወሩ ገጽ ግርጌ አምስት ስድስት መስመር ባዶ ተዉ።