ከቆዳ እኩል በሆነ ስቶማ ዙሪያ መፍሰስንና የቆዳ መቆጣትን የሚያባብሱ ስህተቶች

አንጀት በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ተከፍቶ ሰገራ በከረጢት ሲሰበሰብ፣ ስቶማ የሚባለው ቀዳዳ ከቆዳው ከፍ ማለቱ ይመረጣል፤ በተለይ ከትንሹ አንጀት የሚከፈተው ኢሊዮስቶሚ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ካለ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ከቆዳ እኩል የሆነ ስቶማ ግን ፈሳሹን የሚለቀው እዚያው፣ ከረጢቱን ቆዳ ላይ በሚይዘው ማጣበቂያ ሥር ነው። ችግሩ በአብዛኛው ማጣበቂያው ኃይል ስላነሰው ሳይሆን ከሆዱ ቅርጽ ጋር ስላልገጠመ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማፍሰስ ሲጀምር ጠርዙን በፕላስተር ደራርቦ መለጠፍ ነው። ፕላስተሩ ፈሳሹን ከልብስ ያግደው ይሆናል እንጂ ከቆዳ አያግደውም፤ እንዲያውም ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የያዘውን ፈሳሽ ቆዳው ላይ አፍኖ ያቆየዋል፤ በኢሊዮስቶሚ ደግሞ ቆዳ ለመላጥ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል። ማቃጠል ወይም ማሳከክ ከተሰማዎት፣ ከውጭ ደረቅ ቢመስልም እንኳ፣ የመቀየሪያውን ቀን ሳይጠብቁ ማጣበቂያውን ያንሱት።

ያነሱትን ማጣበቂያ ሳያዩ መጣልም ሌላው ስህተት ነው። ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። በቀዳዳው ዙሪያ እኩል የሆነ ጠባብ ቀለበት ነጥቶ ካበጠ ከእርጥበት የመጣ የተለመደ ነገር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ለምሳሌ በታች በኩል፣ እስከ ጠርዙ የሚደርስ የሰገራ መንገድ ከታየ ግን በዚያ ቦታ ቆዳው ላይ እጥፋት ወይም ጎድጓዳ ሊኖር ይችላል። ያንኑ ቦታ ቆመው፣ ተቀምጠውና ጎንበስ ብለው በመስታወት ይፈትሹት፤ ተኝተው ሲያዩት ሜዳ የሚመስል ሆድ ሲቀመጡ ይታጠፋልና፣ በመኝታ ብቻ አይቶ መለጠፍ ብዙዎችን ያሳስታል። ጎድጓዳው የሚሞላው በሚለጠጥ የስቶማ ቀለበት ቁራጭ ወይም በፔስት ነው። ፔስት ክፍተት መሙያ እንጂ ሙጫ ስላልሆነ በብዛት ሲቀባ መያዣውን ያላላዋል፤ አልኮል ያለበት ከሆነ ደግሞ የተላጠ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል።

የማጣበቂያውን ቀዳዳ በግምት መቁረጥም አይገባም። ቀዳዳው ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሰፋ ይገባል፤ ከዚያ ከሰፋ ቆዳው ይጋለጣል፣ ከጠበበ ደግሞ ጠርዙ ስቶማውን ይቆርጠዋል፤ ስቶማ ሲቆረጥ ሕመም ስለማይሰማው ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የስቶማው እብጠት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ድረስ እየቀነሰ ስለሚሄድ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ልክ ለዘለቄታው አያገለግልም።

ወደ ቆዳው ጎበጥ ያለው ኮንቬክስ ማጣበቂያ ዙሪያውን ተጭኖ ስቶማውን ወደ ፊት ስለሚያወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ስቶማ ብዙ ጊዜ ዋናው መፍትሔ ነው፤ በቀበቶ ሲታገዝም ይበልጥ ይገጥማል። ያለ ባለሙያ ምክር መጀመሩ ግን ስህተት ነው፤ በተለይ ከቀዶ ሕክምናው ብዙም ካልቆየ ወይም በስቶማው ዙሪያ ሄርኒያ (አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ መውጣት) ካለ፣ ጫናው ቆዳውን ሊያበልዝና ሊያቆስል ይችላል።

የተቆጣ ቆዳን በቫዝሊን፣ በቅቤ ወይም በሎሽን ማለስለስ ከቅን ልብ የሚደረግ ቢሆንም ማጣበቂያው እንዳይዝ ያደርጋል። ለብ ባለ ውኃ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ይበቃል። የስቶማ ፓውደርም ቆዳው በረጠበበት ቦታ ላይ ብቻ በስሱ ይነሰነሳል፤ ትርፉ ይራገፋል።

ከረጢት ውድ በሆነበትና እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ለመቆጠብ መሞከር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጠባው በሚያፈስ ማጣበቂያ ላይ መሆን የለበትም። ከረጢቱን ሢሶው ሲሞላ ባዶ ማድረግ ክብደቱ ማጣበቂያውን እንዳይጎትተው ስለሚረዳ ዕድሜውን ያራዝማል።

በቀላው ቆዳ ጠርዝ ላይ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ከታዩ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሮዝ ወይም ቀይ መሆን የሚገባው ስቶማ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ከሆነ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።