የእድር አባልነት ቅጽ ለምን ያጣላል? ችግርና መፍትሄው

የእድር ቅጽ የሚዘጋጀው በሰላሙ ቀን ነው። የሚነበበው ግን ሰው የሞተ ዕለት፣ ድንኳን እየተተከለ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለው እድራችን ቅጹን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሦስቱንም ጊዜ ያስቀየረን ጭቅጭቅ ነው።

ስሙ መዝገብ ላይ አይገኝም

ወይም አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ቅጻችን ከውጭ አገር ናሙና የተገለበጠ ስለነበር «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ነበረው። አንዱ የአባቱን ጻፈ፣ ሌላው የአያቱን። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ሞሉ። እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም አትጠራም! ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ለያይታችሁ አሳትሙ። ፊደሉም ጣጣ አለው፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ማመሳከሪያው ስልክ ቁጥር ይሁን።

ዕድሜው አይገጥምም

«1975» በእኛ ነው በፈረንጅ? ሰባት ስምንት ዓመት ያለያያል። ከቦታው አጠገብ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። ዕድሜን ለምንም የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን ሰርዙት። እኛ ሰረዝነው፣ የት ሄደ ያለ ሰው የለም።

አባሉ ቤት ስንሄድ ቤቱ የለም

ድሮ ወረዳና የቤት ቁጥር ይበቃ ነበር፤ ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን በእግሩ ያዳርሰዋል። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ብዙ ሰው ሲነሳ ጎረቤት ተበተነ። ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ አለ። ሰዉ ግን እድሩን አልለቀቀም፣ ወር በገባ ቁጥር ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል።

ስለዚህ ሁለት ስልክ ጠይቁ። ሁለተኛው አብሮ የማይኖር ዘመድ ይሁን። ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ስልክ አያነሳማ! «09» ብላችሁ ቀድማችሁ አታትሙበት፣ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር የያዘም አለ። ቅጹ የተሞላበት ቀን ይጻፍ፣ መስከረም በመጣ ቁጥርም አድራሻው ይታደስ።

ለቅሶ ላይ ጠብ ይነሳል

ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል። አንድ አባላችን ያሳደጓቸው አክስታቸው አረፉ። ለእሳቸው እናታቸው ናቸው። ደንባችን ግን «ወላጅ» ብቻ ይላል። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ብዛት፦ 7» ተሞልቷል። ሰባቱ እነማን ናቸው? ድንኳኑ ቆሞ፣ ለቀስተኛ እየገባ፣ እኛ ጥግ ይዘን እንከራከራለን። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ብዛት አትጠይቁ፣ ስም ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ ከጎኑ ዝምድናው። የዝምድናው ቃል ከመተዳደሪያ ደንቡ እንዳለ ይወሰድ። አሳዳጊ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ቅጹ ከመታተሙ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ ጸሐፊው በራሱ የሚፈታው ነገር አይደለም። ከዝርዝሩ ስር አባሉ ይፈርም።

ብር ገብቷል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም

በቴሌብር ሲላክ የልጅ ስም ይመጣል። «መዋጮ የሚላክበት ስልክ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመለሳል

ወይ ጥያቄው በዝቷል፣ ወይ ቦታው ጠቧል። እኛ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ለማስገባት ስንል ፊደሉን ጤፍ አሳክለነው ነበር። የትምህርት ደረጃም ጠይቀናል፤ ለእድር ምን ሊረባ! የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ መሰብሰብን አይፈቅድም።

ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን ኮፒ መነጽር ለሚያደርጉ አዛውንት ስጧቸው። አታስረዷቸው፣ ዝም ብላችሁ እዩ። እስክሪብቷቸው የቆመበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ።