ሴፍቲኔት ደመወዝ አይደለም፦ አዲስ ተጠቃሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰብን አሠርቶ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ውስጥ በአካባቢ ልማት ሥራ ላይ የቡድን መሪ ነኝ። የምንሠራው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ጠዋት መጥረጊያና አካፋ ይዘን እንወጣለን፤ መንገድ እናጸዳለን፣ ቦይ እንጠርጋለን፣ ችግኝ ውኃ እናጠጣለን። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ያው ስህተት ይደገማል። ማን ይገባል፣ እንዴት ይመዘገባል የሚለውን ወረዳ ጠይቁ። እኔ በብዛት የማወራው ከገባችሁ በኋላ ስላለው ጣጣ ነው።

በመጀመሪያ፣ እጃችሁ ባልገባ ብር ዱቤ አትብሉ። ክፍያው ይዘገያል። የመገኘት መዝገቡ ከእኛ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ተጣርቶ ወደ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ነው ባንክ የሚደርሰው። አንድ ቦታ ፊርማ ከጎደለ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሆድ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሰዉ ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ ደግሞ ዘይቱን በካሽ በአንድ ዋጋ፣ በዱቤ በሌላ ዋጋ ይሸጣል። ጭማሪውን ለብቻው አይጽፈውም። አንዷ የቡድኔ ልጅ የዱቤ ደብተሯን አሳየችኝ። ስኳር፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ እንደገና ስኳር፣ ከዚያ «ልዩ ልዩ» ይላል። ከሁሉም ትልቁ ሂሳብ የልዩ ልዩ ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። «እኔ እንጃ፣ እሱ ያውቃል» አለችኝ።

እሱማ ያውቃል!

ይባስ ብለው የኤቲኤም ካርዳቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ መያዣ የሚሰጡ አሉ። ብር የገባ ቀን ባለሱቁ ራሱ ያወጣል፣ የራሱን ይቆርጣል፣ የተረፈውን ይመልሳል። ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ የጠረገችው ሴትዮ ስንት እንደገባላት እንኳ አታውቅም። ስቆጣ «ኧረ እሱ የታመነ ሰው ነው» ይሉኛል። ይሁን፣ ይታመን። እሱስ እናንተን ካመነ ካርዱ ምን ያደርግለታል? ካርዳችሁን ዛሬውኑ ተቀበሉ፣ ምስጢር ቁጥሩን ቀይሩ። ብር ሲገባ መልእክት በስልካችሁ እንዲመጣ ባንኩን ጠይቁ። ዱቤ ግድ ከሆነባችሁም በራሳችሁ ደብተር በየቀኑ ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስጽፉ።

ቀኑ በማይታወቅ ብር ቀን የተቆረጠለት እቁብ አትግቡ።

እድር ግን አታቋርጡ። ኑሮ ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እድርን ነው፤ ሞት ሩቅ ይመስላላ። ቅጣቱ ይደራረባል፣ ስማችሁ ይሰረዛል። ከዚያ ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፤ ለቀብር አራጣ ብድር ይገባል። ያንን ዕዳ የሴፍቲኔት ብር አይከፍለውም። ከመቅረት ይልቅ የእድሩን ዳኛ «ክፍያ ዘግይቶብኛል፣ ጊዜ ስጡኝ» ማለት ይሻላል። ቅጣት ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሴፍቲኔቱ ደግሞ ያልቃል። ይሄንን ስናገር ፊት የሚያጠቁርብኝ አለ፤ ቢሆንም ልናገር። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ጀምሮ የልማት ሥራው የተቀመረው ለሦስት ዓመት ነው። የሥራው ቀንም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከክፍያው 20 በመቶው የሚቆጠበውም ለዚሁ ነው፤ ስትወጡ መቋቋሚያ እንዲሆናችሁ። «ብራችንን በሉት» እያላችሁ አትበጥብጡ። ሂሳቡ ውስጥ መኖሩን ግን ባንክ ሄዳችሁ እዩ፤ መብታችሁ ነው።

መውጫው ሲደርስ ደግሞ ሁሉም እንጀራ ልሽጥ ይላል። በአንድ ብሎክ አራት ሴቶች ምጣድ ገዝተው፣ አራቱም ለአንድ ምግብ ቤት ሊያስረክቡ ሲሻሙ አይቻለሁ። ምግብ ቤቱ ዋጋ ጣለባቸው። መብራት የጠፋ ቀን ሊጡ ኮመጠጠ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ መቋቋሚያዋ የምትገዛው ነገር አንሷል። ሰፈሩ ምን እንደጎደለው ቀድማችሁ አጥኑ። እዚህ ዳር አገር ጫማ የሚጠግን፣ የቧንቧ መስመር የሚሠራ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በልክ የሚያስተካክል ሰው ይፈለጋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ላርባ የሚለኝን ሰው ግን ምን እንደምለው ይጨንቀኛል።

መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጸና ሕመም ያለባቸው ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለው አለላቸው። እዚያ ላይ የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። አንዲት እማማ አጣሪዎች ቤቷን ሊያዩ ሲመጡ እንግዳ መጣብኝ ብላ ከጎረቤት ረከቦት ተዋሰች፣ ያማረ ነጠላዋን ለበሰች፣ ቡና አፈላች። «እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም» አለቻቸው። እነሱም ቡናቸውን ጠጥተው ያንኑ ጽፈው ሄዱ። እማማዬ፣ የዚያን ቀን እንኳ ይቅርብሽ! የተመረጡት ስም ሲለጠፍ የእሷ የለም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የተቋቋመው ለዚህ ነው። ስም ዝርዝሩ ተለጥፎ ሳለ ቶሎ አመልክቱ፤ ከተዘጋ በኋላ ማስከፈት መከራ ነው።

አስመዘግባችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ሌባ ነው፤ ምዝገባ በነፃ ነው።

ልቅሶም ሕመምም ካለ ከሥራ ከመቅረታችሁ በፊት ደውሉልኝ። ያልተገኛችሁበት ቀን አይከፈልም፤ እኔም መዝገብ ላይ ያልነበረን ሰው ነበረ ብዬ አልፈርምም።

ከመሀል ከተማ ተነሥታችሁ ወደዚህ የመጣችሁ ደግሞ የድሮ ወረዳችሁን መታወቂያ ይዛችሁ አትቀመጡ። መሸኛ አውጡና እዚህ ተመዝገቡ። አለበለዚያ የድሮው ወረዳ «ለቀዋል» ይላችኋል፣ ያሁኑ «አላውቃችሁም» ይላችኋል። የጤና መድኅንም እንደዚያው ነው። አቅም ለሌለው መንግሥት ይከፍላል፤ ስማችሁ ግን በምትኖሩበት ወረዳ መዝገብ መግባት አለበት፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ማደሻው መቼ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ጊዜው ማለፉን ከሰማችሁ የመድኃኒቱን ከኪስ ነው።